ተመልሰው የሚሰሉ ፋይሎችን በጊት በሚመራ የዳታ ማከማቻ ውስጥ ስለማስተዳደር፦ የአሠራር መመሪያ

በጊት፣ ማለትም የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚመዘግብ ፕሮግራም፣ የሚመራ የዳታ ማከማቻ ጥቂት ወራት ከተሠራበት በኋላ በውስጡ ሁለት ዓይነት ፋይሎች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ አንደኛው ሰው የጻፈው ወይም መሣሪያ የመዘገበው ነው፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ኮምፒውተር ያሰላው ነው። ጊት በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም፤ ኮሚት የተደረገውን (በታሪኩ ውስጥ የተመዘገበውን) ሁሉ ከነቀድሞ ቅጂዎቹ ይዞ ይኖራል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ጊት ቅጂዎቹን እርስ በርስ አመሳክሮ በትንሽ ቦታ ያስቀምጣቸዋል፤ ቀድሞውኑ የታመቀ ፋይል ሲሆን ግን አንድ ቁጥር ብቻ ቢለወጥም አብዛኛው ባይት ስለሚቀያየር ማመሳከሩ ብዙም አይረዳም። ስለዚህ 40 ሜጋባይት የሚይዝ የታመቀ ሠንጠረዥ 30 ጊዜ እንደገና ተሰልቶ 30 ጊዜ ኮሚት ቢደረግ ማከማቻው በ1.2 ጊጋባይት አካባቢ ያድጋል፤ ማከማቻውን አዲስ ክሎን የሚያደርግ፣ ማለትም ከነታሪኩ ወደ ማሽኑ የሚቀዳ፣ ሰው ሁሉ ከዚህ ውስጥ የሚፈልገው የመጨረሻውን 40 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ሙሉውን እንዲያወርድ ይገደዳል።

የዚህ መመሪያ አቋም ማከማቻው ግብዓቱን፣ የስሌቱን ትዕዛዝና የውጤቱን አሻራ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) ይያዝ፣ ውጤቱ ራሱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ ወይም በተፈለገ ጊዜ ይሰላ የሚል ነው። ነገር ግን አንድ ፋይል ተመልሶ የሚሰላ ነው ሊባል የሚችለው ከዜሮ ተነሥቶ፣ በሌላ ማሽን ላይ፣ ቢቻል በሌላ ሰው እጅ በትክክል ተሰልቶ ሲገኝ ነው። ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ ፋይሉ የማይተካ ብቸኛ ቅጂ እንደሆነ ተቆጥሮ ሊጠበቅ ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተዘጋጁት ወደዚህ ማረጋገጫ ለመድረስ ነው።

ለማብራራት እንዲያመች አንድ ምሳሌ እንከተላለን፤ ማከማቻው ከብዙ ጣቢያዎች የተሰበሰበ ዕለታዊ የዝናብ መዝገብ የያዘ ነው እንበል። ጥሬው መዝገብ ይጸዳል፣ ከጸዳው መዝገብ ወርኃዊ ድምር ይወጣል፣ ከድምሩ ደግሞ ግራፎች ይሳላሉ።

1. ፋይሎቹን በየዓይነታቸው መለየት

ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ በሚለው ትዕዛዝ ማከማቻው የሚከታተላቸውን ፋይሎች በሙሉ ያውጡና በእያንዳንዱ ላይ፣ ብዛታቸው የሚያስቸግር ከሆነም በእያንዳንዱ ማህደር ላይ፣ አንድ ጥያቄ ያንሡ፦ ይህ ፋይል አሁን ቢጠፋ ከምን ተነሥቶ፣ በየትኛው ትዕዛዝ ይመለሳል? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻሉ ፋይሉ ከተሰሉት ወገን ለመመደብ ዕጩ ነው። መልሱ አንድ ባልደረባ ላፕቶፕ ላይ ወዳለ ስክሪፕት ወይም አንድ ሰው በቃሉ ወደሚያስታውሰው አሠራር የሚመራ ከሆነ ግን ፋይሉን ለጊዜው ከምንጮች ጋር ይቁጠሩት።

የተሰሉ መስለው የሚያታልሉ ፋይሎች አሉ። ከኢንተርኔት አገልግሎት በስክሪፕት የወረደ ዳታ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ስክሪፕቱ ነገም ይሠራ ይሆናል፣ አገልግሎቱ ነገ የሚሰጠው መልስ ግን የዛሬው ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ የወረደው ፋይል ምንጭ ነው። የፕሮግራም ጥገኞችን (ፕሮግራሙ ለመሥራት የሚፈልጋቸውን ሌሎች ሶፍትዌሮች) ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግቡት የመቆለፊያ ፋይሎችም በማሽን የተጻፉ ቢሆኑ እንኳ በአንድ ቀን የነበረውን የውጭ ዓለም ሁኔታ ስለሚይዙ ኮሚት መደረግ አለባቸው።

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያስከትለው ግን ከተሰላ በኋላ በእጅ የታረመ ፋይል ነው። በምሳሌያችን አንድ ሰው የጸዳውን ሠንጠረዥ ከፍቶ በጣቢያ 17 የተመዘገበው 412 ሚሊሜትር በእርግጥ 41.2 መሆኑን ያያል፤ ነጥቡ በምዝገባ ጊዜ ተዘሏል። ያንን ሕዋስ አርሞ ፋይሉን ያስቀምጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሠንጠረዡ የሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው የሰው ዕውቀት ይዟል፤ ስሙና ቦታው ግን አሁንም ስክሪፕት ያሰላው ነው ይላሉ። ስክሪፕቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሠራ እርማቱን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያጠፋዋል፣ 412 ተመልሶ ይገባል፣ የወሩ ድምርም ከ370 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ይላል።

መፍትሔው እርማትን ራሱን ግብዓት ማድረግ ነው። ከጥሬው ዳታ አጠገብ የማስተካከያ ፋይል ይክፈቱና እያንዳንዱን እርማት በአንድ መስመር ይመዝግቡ፦

ጣቢያ፣ ቀን፣ የተመዘገበው፣ የተስተካከለው፣ ምክንያት
17፣ 2021-03-12፣ 412፣ 41.2፣ የነጥብ መዘለል

የማጽጃው ስክሪፕት ይህን ፋይል አንብቦ እርማቱን ይተግብር። በሦስተኛው ዓምድ የተመዘገበው አሮጌ ዋጋ የሚጻፈው ለጌጥ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ስክሪፕቱ እርማቱን ከመተግበሩ በፊት በጥሬው መዝገብ ውስጥ በእርግጥ 412 መኖሩን ማየት፣ ከሌለም ሥራውን አቁሞ መናገር አለበት። ጥሬው ዳታ በአዲስ ቅጂ ሲተካና ስህተቱ ከምንጩ ሲታረም፣ ይህ ፍተሻ ከሌለ አሮጌው እርማት በማይመለከተው ቁጥር ላይ ይጫናል።

2. ቦታቸውን መለየት

ምደባው ካለቀ በኋላ ፋይሎቹ በማህደር ይለያዩ፤ ለምንጮች አንድ፣ ለስክሪፕቶች አንድ፣ ለተሰሉት አንድ ይበቃል። ደንቡም አጭር ነው፦ ስክሪፕት ከጥሬው ያነባል፣ በተሰላው ማህደር ውስጥ ብቻ ይጽፋል። በአንድ ማህደር ውስጥ ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ በፋይል ስም ቅጥያ ለመለየት መሞከር አይመከርም፤ ሲኤስቪ የሚል ቅጥያ ጥሬውም የተሰላውም ላይ ስለሚገኝ ልዩነቱ ከሥራ ብዛት የተነሣ መረሳቱ አይቀርም።

ጥሬውን ማህደር ለንባብ ብቻ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ጊት ከፋይል ፈቃዶች ውስጥ የሚመዘግበው ፋይሉ እንደ ፕሮግራም ሊሠራ መቻል አለመቻሉን ብቻ ነው፤ የመጻፍ ክልከላው ከክሎን ጋር አይጓዝም። ስለዚህ ክልከላው የሚፈለግ ከሆነ በማዘጋጃ ስክሪፕት ውስጥ ይካተትና በየማሽኑ እንደገና ይተግበር።

3. ጊት የተሰሉትን እንዳይከታተል ማድረግ

የተሰላውን ማህደር ስም ጊት ችላ የሚላቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት፣ ጊትኢግኖር በተባለው ፋይል ውስጥ ያስገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጊት አስቀድሞ የሚከታተለው ፋይል በዚህ መዝገብ ላይ ስሙ ቢጻፍም መከታተሉ አይቆምም፤ ጊት አርኤም የሚለውን ትዕዛዝ ካሽድ ከሚለው አማራጭ ጋር በመስጠት ፋይሉን ከክትትል ማውጣትና ያንን ኮሚት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ አማራጭ ፋይሉን በእርስዎ ዲስክ ላይ ይተወዋል። ባልደረቦችዎ ኮሚቱን ሲጎትቱ (ወደ ማሽናቸው ሲያወርዱ) ግን ከእነርሱ የሥራ ማህደር ውስጥ ፋይሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ለውጡን ከመግፋትዎ (ወደ ጋራው ሰርቨር ከመላክዎ) በፊት ፋይሉ ተመልሶ የሚሰላበት መንገድ ዝግጁ መሆኑን አረጋግጠው አስቀድመው ያስታውቁ፤ ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ግራፋቸው የጠፋባቸው ሰዎች ወደ እርስዎ መምጣታቸው አይቀርም።

ሁለተኛው፣ ማህደሩ በሙሉ ከታገደ በውስጡ አንዲት ፋይል ለይቶ መፍቀድ አይቻልም፤ ጊት በታገደ ማህደር ውስጥ ገብቶ አይመለከትም። ከተሰሉት መካከል አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ እንዲከታተል የሚፈልጉ ከሆነ የማህደሩን ስም ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ከስሙ በኋላ ስላሽና የኮከብ ምልክት በመጨመር ይዘቱን ይከልክሉ፣ ከዚያም በቀጣዩ መስመር የተፈቀደውን ፋይል ስም ከፊቱ ቃለ አጋኖ አድርገው ያስገቡ። አንድ ፋይል በየትኛው ደንብ እንደታገደ ግራ ሲያጋባ ጊት ቼክ-ኢግኖር የሚለው ትዕዛዝ ቪ ከሚለው አማራጭ ጋር ደንቡን ከነመስመር ቁጥሩ ያሳያል።

4. ስሌቱን በትዕዛዝ መልክ ማስፈር

እያንዳንዱ የተሰላ ፋይል ከየትኞቹ ግብዓቶች በየትኛው ትዕዛዝ እንደሚወጣ ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ ይጻፍ። በማንበቢያ ፋይል ውስጥ የሚሰጥ የቃል ማብራሪያ አይበቃም፤ ስክሪፕቱ ሲለወጥ ማብራሪያውን የሚለውጥ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ለዚህ ሥራ ከሚውሉት መሣሪያዎች አንጋፋው በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ የሠራው ሜክ ነው። ሜክ ውጤቱ ያረጀ መሆኑን የሚያውቀው የፋይሎቹን የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት በማነጻጸር ነው። ጊት ግን የለውጥ ሰዓትን አይመዘግብም፤ ክሎን ሲደረግ ወይም ከአንድ ብራንች (ጎን ለጎን ከሚሄድ የሥራ ቅርንጫፍ) ወደ ሌላው ሲታለፍ የተጻፉት ፋይሎች ሁሉ የዚያን ጊዜ ሰዓት ይይዛሉ። በዚህ ምክንያት ሜክ አንዳንዴ ምንም ያልተለወጠውን ሁሉ እንደገና ያሰላል፤ የተሰላው ፋይል ራሱ ኮሚት የተደረገ ከሆነ ደግሞ ግብዓቱ ተለውጦ እያለ ውጤቱ አዲስ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛው በዝምታ የሚያልፍ ስለሆነ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ የተሰላ ፋይልን ከክትትል ለማውጣት ከቦታ ቁጠባ በላይ የሆነ ምክንያትም ይኸው ነው። ስሌቱ ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ እንደ ዲቪሲ ያሉ፣ የይዘቱን አሻራ አስልተው የሚያነጻጽሩ መሣሪያዎች ይሻላሉ። ዲቪሲ የግብዓቶቹንና የውጤቶቹን አሻራ በመቆለፊያ ፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል፤ ያ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ኮሚት ሲደረግ ውጤቱ ራሱ ጊት ውስጥ አይገባም። ዳታላድ ደግሞ ራን በሚለው ትዕዛዙ አንድን ሥራ አስኪዶ ትዕዛዙን፣ ግብዓቱንና ውጤቱን በኮሚቱ መልእክት ውስጥ ይጽፋል፣ ሪራን በሚለው ትዕዛዝም ከዚያ መዝገብ አንብቦ ይደግመዋል።

መሣሪያው የትኛውም ይሁን ሦስት ነገሮች አይዘለሉ። ስክሪፕቱ ራሱ ከግብዓቶቹ አንዱ ሆኖ ይመዝገብ፤ ይህ ከቀረ ስክሪፕቱ ሲታረም ውጤቱ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ስክሪፕቱ ውጤቱን በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲጨርስ ብቻ ትክክለኛውን ስም ይስጠው፤ በአንድ ዲስክ ላይ ስም መቀየር በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ሥራ ስለሆነ በመካከል መብራት ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል የተሟላ መስሎ አይገኝም። እንዲሁም ስክሪፕቱ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ምንም ነገር አያንብብ፤ ከቤት ማህደር የሚጠራ የግል ማስተካከያ ፋይል ወይም የዛሬ ቀን በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

5. የሥራውን ሁኔታ ማጽናት

ግብዓቱና ስክሪፕቱ አንድ ዓይነት ሆነው እያለ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል፤ ይህ ከሁሉም ደረጃዎች ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። በመጀመሪያ የሶፍትዌር ጥገኞች ቨርዥን በመቆለፊያ ፋይል ይታሰር። ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከነጥገኞቹ አንድ ላይ የሚያስኬድ ጥቅል) የሚጠቀሙ ከሆነ ምስሉን፣ ማለትም የጥቅሉን ፋይል፣ በታግ ስሙ ከመጥራት ይልቅ በይዘቱ አሻራ ይጥሩት፤ አንድ ታግ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ምስል ሊያመለክት ይችላል።

ከዚያ በኋላ በስሌቱ ውስጥ የተደበቁ የመለያየት ምክንያቶችን አንድ በአንድ ይፈልጉ። የዘፈቀደ ቁጥር የሚጠቀም ሥራ መነሻ ቁጥሩ በግልጽ ይሰጠው። ስክሪፕቱ የማህደርን ይዘት ሲዘረዝር የሚያገኘው ቅደም ተከተል ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ዝርዝሩን ወዲያው ይደርድረው፤ የመደርደሩ ደንብ ራሱ በማሽኑ የቋንቋ ቅንብር ስለሚወሰን ኤልሲ_ኦል የተባለው ተለዋዋጭ ሲ የሚል ዋጋ ይሰጠው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ከቨርዥን 3.3 ጀምሮ የጽሑፍ ሃሽ ዋጋዎችን (ጽሑፎችን ለመለየት የሚያሰላቸውን ቁጥሮች) በየሩጫው ስለሚቀያይር፣ ስብስብ ውስጥ የገቡ የጣቢያ ስሞች አንድ ጊዜ በአንድ ተራ ሌላ ጊዜ በሌላ ተራ ሊወጡ ይችላሉ፤ ከመጻፋቸው በፊት መደርደር ችግሩን ያስወግደዋል። በብዙ ፕሮሰሰር ተከፋፍሎ የሚሠራ ድምርም እንዲሁ ነው። የአሥርዮሽ ቁጥሮች በኮምፒውተር ሲደመሩ የመደመሩ ተራ ከተለወጠ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለወጡ ይችላሉ፤ የወር ድምሩ ባለፈው ጊዜ 83.4 ሆኖ አሁን 83.39999999999999 ቢሆን የዝናቡ መጠን አልተለወጠም፣ የፋይሉ አሻራ ግን ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስክሪፕቱ ሲጽፍ ቁጥሩን ከመሣሪያው ትክክለኛነት ጋር ወደሚስማማ የአሥርዮሽ ቦታ ቢያጠጋጋው አብዛኛው ጣጣ ይቀራል።

የቀረው የቀንና የሰዓት ጉዳይ ነው። የማመቂያ ፕሮግራሙ ጂዚፕ የመጀመሪያውን ፋይል ስምና የለውጥ ሰዓት በራስጌው ውስጥ ይጽፋል፤ ኤን የሚለው አማራጭ ይህን ያስቀራል። ፒዲኤፍ የተፈጠረበትን ቀን ይይዛል፣ የኤክሴል ፋይልም በውስጡ ዚፕ ስለሆነ የእያንዳንዱን ክፍል ሰዓት ይይዛል። ለዚህ ሲባል ሶርስ_ዴት_ኢፖክ የተባለ ተለዋዋጭ አለ፤ የሚደግፉት ፕሮግራሞች በአሁኑ ሰዓት ምትክ በእርሱ የተሰጠውን ሰዓት ይጽፋሉ፣ ከእነዚህም አንዱ ፒዲኤፍ ሲያወጣ የግራፍ መሳያው ማትፕሎትሊብ ነው።

6. አሻራውንና መዝገቡን ኮሚት ማድረግ

ለእያንዳንዱ የተሰላ ፋይል ሻ-256 አሻራ አስልተው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያኑሩ፤ ይህ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሚይዝ ኮሚት ይደረጋል። ከአሻራው ጎን የሚጻፈው መዝገብ በምሳሌያችን ይህን ይመስላል፦

ውጤት፦ የተሰላ/ወርኃዊ_ዝናብ.ሲኤስቪ
ግብዓት፦ ጥሬ/ዕለታዊ.ሲኤስቪ፣ ጥሬ/ማስተካከያ.ሲኤስቪ
ስክሪፕት፦ ስክሪፕት/ወርኃዊ.ፓይ
ትዕዛዝ፦ ሜክ ወርኃዊ
የኮድ ቅጂ፦ ስክሪፕቱ የተወሰደበት ኮሚት መለያ
የፈጀው ጊዜ፦ 14 ደቂቃ
ማወዳደሪያ፦ ባይት በባይት

የኮድ ቅጂ የሚለው መስመር ተራ አለው። አንድ ኮሚት የራሱን መለያ በውስጡ ሊይዝ አይችልም፣ መለያው የሚወጣው ከይዘቱ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪፕቱን ኮሚት ያድርጉ፣ ጊት ስታተስ ምንም ያልተመዘገበ ለውጥ እንደሌለ ካሳየዎት በኋላ ስሌቱን ያስኪዱ፣ መዝገቡን ደግሞ በቀጣዩ ኮሚት ያስገቡ። ያልተመዘገበ ለውጥ እያለ ስሌት የሚያስኪድ ስክሪፕት ቢያንስ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ የሁለት መስመር ኮድ ሥራ ነው።

ማወዳደሪያ የሚለው መስመርም ከልብ ይታሰብበት። ሁሉም ውጤት ባይት በባይት እንዲገጥም መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ለወርኃዊው ሠንጠረዥ ይህን መጠየቅ ይቻላል፤ በግራፊክስ ካርድ ላይ ለሠለጠነ ሞዴል ግን በአብዛኛው ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። እንደዚህ ላለው ውጤት የሚፈቀደውን ልዩነት በቁጥር ይጻፉ፤ ለምሳሌ በእያንዳንዱ ሕዋስ ከ0.05 ሚሊሜትር የማይበልጥ ልዩነት ተቀባይነት አለው ተብሎ። የሚፈቀደው ልዩነት መወሰን ያለበት ሁለተኛው ስሌት ከመደረጉ በፊት ነው፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚወሰን ገደብ የተገኘውን ልዩነት ለመቀበል መስፋቱ አይቀርም።

7. ሰርዞ ማረጋገጥ

ማረጋገጫው በሚሠሩበት ማህደር ላይ አይደረግ። ማከማቻውን በሌላ ቦታ፣ ቢቻል በሌላ ማሽን ላይ፣ አዲስ ክሎን ያድርጉ፤ የታገዱት ፋይሎች በአዲሱ ክሎን ውስጥ ስለማይኖሩ ስረዛው በራሱ ተፈጽሟል ማለት ነው። ከዚያም የማዘጋጃውን ትዕዛዝና የስሌቱን ትዕዛዝ ብቻ ሰጥተው ሲያበቃ አሻራዎቹን ሻ256ሰም በሚለው ፕሮግራም ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ። በመካከል አንድም ነገር በእጅ መቅዳት ካስፈለገ ፈተናው ወድቋል፤ የተቀዳው ነገር ምን እንደነበረ ይመዝገብና ወደ ግብዓቶቹ ይጨመር።

ጊት ክሊን በሚለው ትዕዛዝ በነባሩ ማህደር ላይ መሞከር የሚመርጡ ሰዎች አሉ። ይህ ትዕዛዝ በትልቁ ኤክስ ሲሰጥ የታገዱትን ፋይሎች ብቻ ይሰርዛል፤ በትንሹ ኤክስ ሲሰጥ ግን የታገዱትን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተመዘገቡትን አዳዲስ ሥራዎችም አብሮ ያጠፋል። የሁለቱ ልዩነት አንዲት የሺፍት ቁልፍ ናት። ከዚህም ሌላ ከታገዱት መካከል የይለፍ ቃል የያዙ የግል ቅንብር ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ይገኛሉ፣ እነርሱም ተሰልተው አይመለሱም። የግድ ከሆነ ኤን የሚለውን አማራጭ ጨምረው ምን ሊሰረዝ እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ።

ፈተናው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። ስሌቱ በደቂቃዎች የሚያልቅ ከሆነ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ አውቶማቲክ ፍተሻ ያድርገው፤ ሰዓታት የሚፈጅ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ወይም ቢያንስ ጥገኞች በታደሱ ቁጥር ይደረግ።

8. ውድ ውጤቶችን ማስቀመጥ

14 ደቂቃ የሚፈጀውን ሠንጠረዥ ማንም እንደገና ቢያሰላው አይጎዳም። ሦስት ቀን የሚፈጀውን ግን ተመልሶ የሚሰላ ነው ብሎ መጣል ለባልደረባ አለማሰብ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል ከጊት ታሪክ ውጭ፣ በአሻራው ስም፣ በጋራ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፤ ስሌቱም ከመጀመሩ በፊት የሚፈለገው አሻራ በዚያ መኖሩን ይመልከት።

መንገዶቹ የተለያዩ ናቸው። በ2015 የወጣው ጊት ኤልኤፍኤስ በማከማቻው ውስጥ አመልካች ብቻ አስቀምጦ ይዘቱን በሌላ ሰርቨር ያኖራል፤ የጊት ማከማቻዎችን በኢንተርኔት የሚያስተናግደው ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ተራ ፋይልን ስለማይቀበልና ከ50 በላይ ሲሆን ስለሚያስጠነቅቅ ብዙዎች ወደዚህ የሚገቡት ተገደው ነው። ሆኖም ኤልኤፍኤስ እያንዳንዱን ቅጂ በሰርቨሩ ላይ ስለሚያከማች፣ በየቀኑ ለሚቀያየር የተሰላ ፋይል ሸክሙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም። ጆይ ሄስ በ2010 የጀመረው ጊት-አኔክስ ለዚህ ጉዳይ የበለጠ ይመቻል፤ የእያንዳንዱ ፋይል ይዘት በየትኞቹ ቦታዎች እንደሚገኝ ይመዘግባል፣ በሌላ ቦታ በቂ ቅጂ መኖሩን ሳያረጋግጥም የአካባቢውን ቅጂ ለመጣል እሺ አይልም። በ2025 ደግሞ ስሌትን ራሱን ፋይል የሚገኝበት ቦታ አድርጎ የመመዝገብ ችሎታ ተጨምሮለታል፤ አድኮምፒዩትድ በሚለው ትዕዛዝ የተመዘገበ ፋይል ይዘቱ ሲጠየቅ ይሰላል፣ ግብዓቱ ሲለወጥም ሪኮምፒዩት በሚለው ትዕዛዝ ይታደሳል።

ይህን ችሎታ ሲጠቀሙ አንድ ጥንቃቄ ይያዝ። ስሌት እንደ አንድ ቅጂ የሚቆጠረው ግብዓቶቹ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። ቦታ ሲጠብ ትልቁን ፋይል መጣል ይቀናናል፣ ትልቁ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥሬው ዳታ ነው። ስለዚህ የመጣሉ ተራ ሁልጊዜ ከሰንሰለቱ ጫፍ ይጀምር፤ መጀመሪያ ግራፎቹ፣ ከዚያ ወርኃዊው ድምር፣ ከዚያ የጸዳው መዝገብ ይጣላሉ፣ ጥሬው መዝገብ ግን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቅጂ እያለውም ቢሆን ከዋናው ማከማቻ አይነካም።

9. ኮሚት የሚደረጉት ጥቂቶች

ከደንቡ ውጭ የሚሆኑ አሉ። ኮድ የማያስኪዱ አንባቢዎች የሚፈልጉት ትንሽ የመጨረሻ ሠንጠረዥ ወይም በሰነድ ውስጥ የገባ ግራፍ ተሰልቶም ቢሆን በማከማቻው ውስጥ ቢገኝ ይጠቅማል። እንደነዚህ ያሉት በተቻለ መጠን ያልታመቀ ጽሑፍ ይሁኑ፣ በራስጌያቸውም በእጅ እንዳይታረሙና በየትኛው ትዕዛዝ እንደሚታደሱ ይጻፍባቸው። አውቶማቲኩ ፍተሻ ስሌቱን አስኪዶ ጊት ዲፍ የሚለውን ትዕዛዝ ኤግዚት-ኮድ ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኪድ፤ ልዩነት ከተገኘ አንድ ሰው ምንጩን ለውጦ ውጤቱን ሳያድስ ቀርቷል፣ ወይም ውጤቱን በእጁ ነክቷል።

በእነዚህ ፋይሎች ላይ ሁለት ብራንቾች ሲጋጩ ግጭቱን መስመር በመስመር ለመፍታት አይሞክሩ። ከሁለቱም ወገን በከፊል የተወሰደ ሠንጠረዥ ከየትኛውም ግብዓት የማይወጣ ፋይል ነው። ምንጮቹንና ስክሪፕቶቹን በጥንቃቄ አዋሕደው ሲጨርሱ የተሰላውን ፋይል እንደገና ያሰሉና የወጣውን ይመዝግቡ። የጁፒተር ማስታወሻዎች ኮድና ውጤት በአንድ ፋይል ስለሚይዙ ኤንቢስትሪፕአውት በተባለው መሣሪያ ውጤታቸው ተነቅሎ ኮሚት ቢደረጉ ይሻላል።

10. ያለፈውን ታሪክ ማጽዳት

እስካሁን የተገለጸው ሁሉ የወደፊቱን ያስተካክላል እንጂ ቀድሞ የገባውን ክብደት አያነሣም። ማከማቻው ለመሥራት እስካላስቸገረ ድረስ ታሪኩን ባይነኩት ይመረጣል። የግድ ሲሆን ጊት ፊልተር-ሪፖ በሚለው መሣሪያ የተሰላው ማህደር ከታሪኩ ሁሉ ይወጣል፤ ይህም የሚደረገው በሰባተኛው ደረጃ የተገለጸው ፈተና ከታለፈ በኋላና የነባሩ ማከማቻ ሙሉ ቅጂ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ታሪኩ እንደገና ሲጻፍ ማህደሩ ከታየበት ከመጀመሪያው ኮሚት ወዲህ ያሉት የኮሚት መለያዎች ሁሉ ይለወጣሉ። ስለዚህ ቀን ተቆርጦ ሁሉም ያልተገፋ ሥራውን አስቀድሞ ይግፋ፣ ከጽዳቱ በኋላ ደግሞ ሁሉም አሮጌውን ክሎን ትቶ አዲስ ይውሰድ፤ አሮጌ ክሎን ያለው አንድ ሰው አዋሕዶ ቢገፋ የወጣው ክብደት በሙሉ ተመልሶ ይገባል። በስድስተኛው ደረጃ በመዝገቡ ውስጥ የተጻፉት የኮድ ቅጂ መለያዎችም ከዚህ በኋላ የሌሉ ኮሚቶችን ያመለክታሉ። መሣሪያው በጊት ማህደር ውስጥ፣ ፊልተር-ሪፖ በሚል ንዑስ ማህደር፣ ኮሚት-ማፕ የተባለ ፋይል ይተዋል፤ በውስጡ የአሮጌውና የአዲሱ መለያ ዝርዝር ትይዩ ተጽፎ ይገኛል። ያንን ዝርዝር በመጠቀም መዝገቡን በስክሪፕት ያድሱት፣ ዝርዝሩንም ከመዝገቡ ጎን ኮሚት ያድርጉት፤ ክሎኑ ሲሰረዝ ዝርዝሩም አብሮ ይጠፋልና።